የአንጀት ብግነት ቀዶ ሕክምና፦ ብዙ ከመቁረጥ ወደ መቆጠብ

ሁለት በሽታዎች ናቸው። አንዱ ክሮንስ፣ ሌላው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይባላል። አንድ ላይ ሲጠሩ የአንጀት ብግነት ሕመም ይባላሉ። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል። አንጀቱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ጋብ ይልና ደግሞ ያገረሻል። እንደ አሜባ በሳምንት መድኃኒት የሚሰናበት አይደለም።

ልዩነታቸው ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ኮላይተሱ ከፊንጢጣ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚያቆስለው የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ነው። ስለዚህ ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ ከወጣ የአንጀቱ በሽታ አብሮ ይወጣል። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሣ ይችላል። ጤነኛውን ቦታ እየዘለለ ይሄዳል፣ ግድግዳውንም ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ይጎዳል። የፈለገውን ያህል ቢቆረጥ ሌላ ቦታ ይመጣል። የዚህ ሙያ ታሪክ ባመዛኙ ይህን እውነት አምኖ የመቀበል ታሪክ ነው። ሰርጂኖቹ በየዘመኑ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ምን ያህል አንጀት ሳይነኩ መተው እንደሚችሉ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ለሌላ የተወው ሰርጂን

በ1932 በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የሚሠሩ ሦስት ሐኪሞች የ14 ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። በሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር ነበሩ። የሕሙማኑ ትንሽ አንጀት መጨረሻው ላይ አብጦ፣ ወፍሮና ጠብቦ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ብዙ ጊዜ የአንጀት ቲቢ ነው ተብሎ ይታለፋል። እነዚህ ግን ቢፈልጉ ቢፈልጉ ቲቢ አጡ።

ከሕሙማኑ ብዙዎቹን በቀዶ ያከመው ኤ. ኤ. በርግ የተባለ ስመ ጥር ሰርጂን ነበር። ጽሑፉን እኔ አልጻፍኩትም ብሎ ስሙ እንዳይገባ አደረገ። የቀሩት በፊደል ተራ ተቀመጡና ክሮን ቀደመ። በርግ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ በርግ በሽታ ይሆን ነበር። ለነገሩ የግላስጎው ሰርጂን ኬኔዲ ዳልዚል በ1913 ይህንኑ የሚመስል በሽታ ጽፎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

በሽታው በዓለም ዜና የገባው በ1956 ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር፣ ከሁለት ዓመት በፊት አፄ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት ማለት ነው፣ በሰኔ ወር አንጀታቸው ተዘጋ። በዋልተር ሪድ ሆስፒታል በሌሊት ተቀደዱ። ሐኪሞቹ የታመመውን ክፍል አላወጡትም፤ ጤነኛውን ትንሽ አንጀት ከትልቁ ጋር አገናኝተው አለፉት። ፕሬዚዳንቱ ዳኑ፣ በኅዳርም ምርጫ አሸነፉ። ይህ ዓይነቱ ማለፊያ ግን በኋላ ቀረ። ተዘግቶ የተተወው አንጀት መታመሙን አይተውም፣ አልፎ አልፎም ካንሰር ይነሣበታል።

ከዚያ በኋላ መቁረጥ ሕግ ሆነ። የት ድረስ ይቆረጥ የሚለው ግን ብዙ አከራከረ። ብዙዎች በሽታውን ከሥሩ ለመንቀል ብለው ጤነኛውን አንጀት ጨምረው ይወስዱ ነበር። የክሊቭላንድ ክሊኒኩ ቪክተር ፋዚዮና ባልደረቦቹ ነገሩን በዕጣ ፈተኑት። አንዱ ቡድን ከበሽታው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 12 ሴንቲ ሜትር እንዲወሰድለት ሆነ። በ1996 የወጣው ውጤት በማገርሸቱ ላይ የጎላ ልዩነት አላሳየም። 10 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አንጀት ለካስ በከንቱ ይጣል ነበር። ለአንድ ቀዶ ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በዕድሜው ሦስት አራት ጊዜ ለሚቀደድ ሰው ግን ምግቡ የሚመጠጥበትን አንጀት ጨርሶ መቅረት ማለት ነው።

ከረጢቱና ነርሷ

ወደ ኮላይተሱ እንመለስ። በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች ኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት በዕጣ ሲፈትኑ፣ በጠና ከታመሙት መካከል ያለ መድኃኒቱ ከታከሙት 24 በመቶ ሲሞቱ መድኃኒቱን ካገኙት የሞቱት 7 በመቶ ነበሩ። የበሽታው ክፉነት ከዚህ ይታያል። መድኃኒት እምቢ ሲል መፍትሔው ትልቁን አንጀት አውጥቶ የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል ማውጣት ነበር። ይህ መውጫ ስቶማ ይባላል፤ ሰገራው በላዩ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል።

የጥንቱ ስቶማ ስቃይ ነበር። ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጩ ኬሚካሎች አሉበት። ቆዳ ሲነካ ያቃጥላል፣ ይልጣል። ጫፉ ከቆዳው እኩል ስለሚሰፋ ፈሳሹ ከከረጢቱ ሥር ሾልኮ ይገባል። የበርሚንግሃሙ ብራያን ብሩክ በ1952 ያመጣው መላ ሲያዩት ቀላል ነው። የአንጀቱን ጫፍ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ውጭ ጠቀለለውና ከቆዳው ጋር ሰፋው። ቀይና እርጥብ የሆነች ትንሽ አፍንጫ ከቆዳው ከፍ ብላ ትቀራለች። ፈሳሹ ቆዳ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ይወርዳል። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

መላው ብቻውን ግን አልበቃም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ከረጢቱን ማን ያሳየው? የክሊቭላንድ ክሊኒኩ ሰርጂን ሩፐርት ተርንቡል መልሱን ያገኘው ከራሱ ታካሚ ነው። ኖርማ ጊል በኮላይተስ ብዙ የተሠቃየች፣ እሱ የቀደዳት ሴት ናት። በ1958 ቀጠራት፤ ሥራዋም ስቶማ ያላቸውን ሰዎች ማስተማር ሆነ። በ1961 ደግሞ ሁለቱ ለዚህ ሙያ የሚሆን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የስቶማ ነርስነት ከዚህ ተነሣ። በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብዙ ስፌቶች ይልቅ ለሕሙማን ሕይወት የጠቀመው ይህ ነው። ቀዶው ከመጀመሩ በፊት ነርሷ ሕመምተኛውን አስቀምጣ፣ አቁማ፣ አጎንብሳ ታያለች። ቀበቶው የት እንደሚያርፍ፣ የሆዱ እጥፋት የት እንደሚወድቅ ለይታ በእስክርቢቶ ምልክት ታደርጋለች። ስቶማው እጥፋት ላይ ካረፈ ከረጢቱ ሁልጊዜ ይላቀቃል።

የውስጡ ከረጢት

ስቶማውን የማይፈልግ ሰውስ? የስዊድኑ ኒልስ ኮክ በ1969 ከትንሹ አንጀት ሆድ ውስጥ ማጠራቀሚያ ሠራ፤ ሕመምተኛው በቱቦ ያጠልለዋል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በለንደኑ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ነው። አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ በ1978 አምስት ሕሙማንን ይዘው ቀረቡ። ትልቁን አንጀት አውጥተው፣ የመጭመቂያውን ጡንቻ አትርፈው፣ የትንሹን አንጀት ጫፍ ከረጢት አድርገው ሰፍተው ከፊንጢጣው ጋር አገናኙት። ሰውየው እንደ ማንም ሰው ሽንት ቤት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቅርጽ ግን ብዙዎችን በቱቦ እንዲያጠልሉ ያስገድድ ነበር። ጃፓናዊው ኡትሱኖሚያ በ1980 አንጀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አጥፎ የሠራው ጄ ፓውች፣ ማለትም በጄ ፊደል ቅርጽ የተሰፋው ከረጢት፣ ቀለል ብሎ ተገኘና ዓለም ተቀበለው።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር ተፈታ ማለት አይደለም። ፓውች ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይቀመጣል። ፓውቹ ራሱ ሊቆጣ ይችላል። ሁሉ ነገር በአንድ ቀንም አያልቅም። በጠና የታመመ፣ ስቴሮይድ (እንደ ኮርቲዞን ያለ መድኃኒት) የጠገበ ሰው ላይ ሐኪሞቹ ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ይሠራሉ፦ መጀመሪያ አንጀቱን ማውጣት፣ ካገገመ በኋላ ፓውቹን መሥራት፣ በመጨረሻ ጊዜያዊውን ስቶማ መዝጋት።

ጊዜውን ማወቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ1996 የወጣ የኦክስፎርድ ጥናት ለዚህ ደኅና መለኪያ ሰጠ። ሆስፒታል ገብቶ በደም ሥር ስቴሮይድ የሚሰጠው ሰው በሦስተኛው ቀን ከስምንት ጊዜ በላይ የሚያስቀምጠው ከሆነ ወይም ከሦስት እስከ ስምንት ጊዜ እያስቀመጠው በደሙ ውስጥ ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክት ከ45 ካለፈ፣ በዚያው ቆይታ አንጀቱ የመውጣቱ ዕድል 85 በመቶ ነበር። ዛሬ ያ ሦስተኛ ቀን ሌላ መድኃኒት ለመሞከር ወይም ሰርጂኑን ለመጥራት የሚወሰንበት ነው። ነገ እናያለን እየተባለ የሚጎተት ሕመምተኛ አንጀቱ ሊነፋና ሊበሳ ይችላል።

በርዝመቱ ቀድዶ በወርዱ መስፋት

አንጀት ሳይቆረጥ ማስፋት ይቻላል? ሐሳቡ ወደ ክሮንስ የመጣው ከቲቢ ነው። በ1977 በሕንድ ሰርጂኖች የአንጀት ቲቢ ያጠበበውን ቦታ ሳይቆርጡ ማስፋታቸውን ጻፉ። የኦክስፎርዱ ኢማኑኤል ሊ በ1982 ዘዴውን ለክሮንስ አመጣው። አሠራሩ ይኸው ነው፦ የጠበበውን ቦታ በርዝመቱ ይቀዱታል፤ ከዚያ የቀደዳውን ሁለት ጫፎች አቀራርበው በወርዱ ይሰፉታል። አንጀቱ ትንሽ ያጥራል፣ ውስጡ ግን ይሰፋል። ምንም አልተጣለም። መጀመሪያ ሰው ያልገባው ነገር የታመመ አንጀት ላይ የተሰፋ ስፌት እንዴት ይይዛል የሚለው ነበር። ያዘ። በ1996 ፋብሪዚዮ ሚኬላሲ ረጅም የታመመ አንጀት ሁለት ላይ ከፍሎ ጎን ለጎን በመስፋት ዘዴውን አስረዘመው።

ከተቆረጠ በኋላስ? የቤልጅየሙ ፖል ሩትገርትስ በ1990 እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአዲሱ መጋጠሚያ ላይ ቁስል የታየባቸው 73 በመቶ ነበሩ። ሕመም የተሰማቸው ግን በጣም ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ደኅና ነኝ የሚል ሰውም በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ፣ መታየት እንዳለበት ታወቀ። ይኸው ቡድን በ1991 ሌላ ነገር አገኘ። ሰገራው በስቶማ ወደ ውጭ ሲቀለበስ መጋጠሚያው አይቆስልም። ሰገራው ሲመለስ በሽታውም ይመለሳል። በአንጀት ውስጥ የሚያልፈው ነገር በበሽታው ላይ እጁ እንዳለበት ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ብዙ የለም።

አሁን ክርክሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። ጃፓናዊው ቶሩ ኮኖ ከ2003 ጀምሮ የሠራው ስፌት መጋጠሚያውን አንጀትን ከሚያያይዘው ስባም ሽፋን፣ ማለትም ከሜሴንተሪ፣ በተቃራኒ ያደርገዋል። በ2020 የናፖሊ ሐኪሞች በ79 ሰዎች ላይ ሲፈትኑት፣ ከስድስት ወር በኋላ በኮኖ ስፌት ያገረሸባቸው 22 በመቶ፣ በተለመደው 63 በመቶ ገደማ ሆኑ። የአየርላንዱ ካልቪን ኮፊ ደግሞ በ2018 ሜሴንተሪውን ራሱን አብሮ መቁረጥ ዳግም ቀዶን ይቀንሳል አለ። ብዙ ሰው ደስ አለው። በ2024 የታተመው የአምስተርዳም መር ሙከራ ግን በዕጣ ሲያነጻጽረው፣ በስድስተኛው ወር ሁለቱም ቡድን ያገረሸባቸው እኩል ሊባሉ የሚችሉ ነበሩ። የፊስቱላውም ነገር እንዲሁ ነው። በፊንጢጣ ዙሪያ ለሚፈጠረው የክሮንስ ፊስቱላ፣ ማለትም ከአንጀት ወደ ቆዳ ለሚከፈተው የበሽታ ቀዳዳ፣ ከስብ የወጡ ስቴም ሴሎች በ2018 በአውሮፓ ተፈቀዱ፤ ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ በ2023 አልሳካ አለና መድኃኒቱ በ2024 ከገበያ ወጣ። እንዲህ ያለው ነገር ተስፋ ያስቆርጣል፣ ግን ጥሩ ሙያ ራሱን የሚያርመው በዚህ መንገድ ነው።

ቀዶ የመጨረሻ ነው የሚለውን ልማድ የነቀነቀውም ሙከራ ከኔዘርላንድ የመጣ ነው። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ብቻ የታመመባቸው 143 ሰዎች ተመረጡ። ግማሹ ኢንፍሊክሲማብ የተባለ የሰውነት መከላከያን የሚገታ መድኃኒት ተሰጠው፣ ግማሹ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተቀደደ። በ2017 ሲታይ የሁለቱ የኑሮ ደኅንነት ተመጣጣኝ ነበር። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በመድኃኒት ከጀመሩት 48 በመቶው ለማንኛውም ተቀደዱ። በቀዶ ከጀመሩት ደግሞ ዳግመኛ አንጀቱ የተቆረጠ አልተገኘም። ቀዶ ቀድሞ ቢሆንስ የሚለው ጥያቄ አሁን ሰርጂኑ፣ የሆድ ዕቃ ሐኪሙ፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያው፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የምግብ ባለሙያውና ነርሷ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚመክሩበት ነው። በ2025 ደግሞ ትርፍ አንጀትን ማውጣት ኮላይተስን እንደሚያረጋጋ ታየ። በአንድ ዓመት ያገረሸባቸው 36 በመቶ ሲሆኑ በመድኃኒት ብቻ ከቀሩት 56 በመቶ ነበሩ።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ሁሉ መግቢያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ቲቢ ነው ወይስ ክሮንስ? ሁለቱም የትንሹን አንጀት መጨረሻ ይወዳሉ። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ ያጠባሉ። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሊምታታ ይችላል። ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታከመው ለአሜባ ነው። ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ቲቢ ላለበት ሰው ስቴሮይድ ወይም ኢንፍሊክሲማብ መስጠት ቲቢውን ማንደድ ነው። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት የተኛ ቲቢ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። ሲጋራ የሚያጨስ የክሮንስ ሕመምተኛም እንዲያቆም ይነገረዋል፤ ከቀዶ በኋላ በሽታውን ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ ጭስ ነውና።

በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች ለተመራማሪዎች ያልታሰበ ፍንጭ ሰጥተዋል። ሲመጡ በሽታው በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በቆዩ ቁጥር፣ በተለይም እዚያ በተወለዱት ዘንድ፣ እየበዛ መጣ። ከሁለቱ በሽታዎች የሚያመዝነውም ክሮንስ ነው። ዘራቸው ያው ነው። የተለወጠው የሚበሉትና የሚኖሩበት ነው፤ ሐኪሞቹም አሁን ሰገራቸው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ከአዲስ ገቢዎቹ ጋር እያነጻጸሩ ያጠናሉ።