«ዛሬ ነገ ማለት» ምንድን ነው? ስንፍና ካልሆነስ?

ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ አንድ ማዳበሪያ ቆሟል። ውስጡ 6 ኪሎ ዛላ በርበሬ ነው። ኅዳር ላይ ከሐሙስ ገበያ ጎንበስ ብዬ መርጬ፣ ተከራክሬ የገዛሁት ነው። ይኸው ጥር ሊያልቅ ነው፤ ማዳበሪያው ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ከኋላው ይደበቃሉ፤ ከዚያ ያስነጥሳቸውና ይያዛሉ። እኔም ጠዋት ልብስ ላወጣ ስገባ አየዋለሁ፣ «ቅዳሜ» እላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ።

ዛሬ ነገ ማለት ይኸው ነው። ፈረንጆቹ ፕሮክራስቲኔሽን የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ውስጡ ያለው «ክራስ» ነገ ማለት ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ማዳበሪያውን ባየች ቁጥር በኦሮምኛ «ቦሩ፣ ቦሩ!» እያለች ትስቅብኛለች፤ እሱም ነገ ነው። ሦስቱም ቋንቋ ጥፋቱን የለጠፈው ነገ ላይ ነው። እኔ ግን ጣጣው ያለው ዛሬ ላይ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ፣ ሥራ ማቆየት ሁሉ ዛሬ ነገ ማለት አይደለም። ጅማ የሚኖር ሰው ይህን ማንም አያስተምረውም። በሰኔ ዝናብ በርበሬ የሚያሰጣ የለም፤ ደመናው ከጠዋቱ ጂሬን ኮረብታ ላይ ተንተርሶ እያየ ብርድ ልብስ የሚዘፈዝፍም የለም። የታመመ ልጅ ታቅፎ ሳህን ሳያጥቡ ማደርም ሥራን በቅደም ተከተል ማስያዝ እንጂ ሌላ አይደለም። ፒርስ ስቲል የተባለ የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲገመግም የሰጠው ፍቺ ቁልጭ ያለ ነው፦ ሰው ሊሠራው ያሰበውን ነገር፣ ቢቆይ እንደሚብስበት እያወቀ፣ በገዛ ፈቃዱ ሲያቆየው ነው። ነቀዝ እንደሚገባበት እያወቅሁ በሩን ስዘጋው ማለት ነው።

ታዲያ እያወቅን ለምን? እ.ኤ.አ. በ2013 ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የጻፉት መልስ እኔን አሳምኖኛል። ነገሩ ከሰዓት አያያዝ ይልቅ ከስሜት ጋር የተያያዘ ነው። የምንሸሸው ሥራው የሚቀሰቅስብንን ስሜት ነው። «ቅዳሜ» ባልኩባት ቅጽበት ደረቴ ቀለል ይላል። ያ ቅለት ጉርሻ ነው፤ በማግስቱም ያንኑ ያስብለኛል። ዕዳውን የምትከፍለው የቅዳሜዋ እኔ ነኝ።

የእኔን ስሜት ሳገላብጠው ያገኘሁት ድካም አይደለም። በዚያው ሰሞን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ዩኒፎርም አጥቤያለሁ፣ ሽሮ አስፈጭቻለሁ፣ የዕድር ገንዘብ ሰብስቤያለሁ። በርበሬውን ግን እስካለፈው ዓመት የምትልክልኝ እናቴ ነበረች። እኛ ጋ ደግሞ በርበሬ የሴት ልጅ ሙያ የሚመዘንበት ነገር ነው፤ ወጡ መረር ካለ ጉርሻው ሳይዋጥ «ይሄን ማን አዘጋጀው?» ይመጣል። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚጠብቀውን ሥራ ሁለት ልጅ አስተኝቶ በደከመ ልብ የሚጀምር ማን ነው? (ባለቤቴን በሙያው የሚመዝን የለም፤ የተበላሸውን ቧንቧ ግን እሱም ከመስከረም ጀምሮ «ቅዳሜ» እያለው ነው።)

ሌላው ጣጣ ስሙ ነው። «በርበሬ ማዘጋጀት» አንድ ሥራ ይመስላል፤ ግን መቀንጠስ አለ፣ ማስጣት አለ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር መውቀጥ፣ መልሶ ማስጣት፣ ቅመሙን ማመስ፣ ወፍጮ ቤት መሰለፍ፣ መንፋት። ይህን ሁሉ በአንድ ስም የጠራ ሰው የሚጠብቀው አንድ ባዶ ቀን ነው። ወላጅ ደግሞ ባዶ ቀን የለውም። ቅዳሜ ለቅሶ ይመጣል፣ እሑድ የልጅ ጓደኛ ልደት ይመጣል። ያለን ቁርጥራጭ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሥራውም በዚያው ልክ መቆረጥ አለበት፣ «እማ!» ሲባል ጥሎ ለመነሳት እንዲመች። መቀንጠስ ለዚህ ይመቻል። ቅመም ማመስ አይመችም፤ ያርራል።

መቼ ይጀመር ለሚለው ደግሞ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ያብራራው ዘዴ አለ፦ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን። ሥራውን በማይቀር ነገር ላይ ማሰር ነው። ጅማ ውስጥ ከቡና የበለጠ የማይቀር ምን አለ? እኔም «ቅዳሜ»ን ትቼ «ጀበናው ሲጣድ ማዳበሪያውን እፈታለሁ» አልኩ። መፍታት ብቻ።

ማክሰኞ ጀበናውን ጣድኩና ፈታሁት። ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ አሥር ያህል እንደቀነጠስኩ ቡናው ገነፈለ። አቦሉን ስቀዳ ጎረቤቴ ሳትጠየቅ እፍኝ ዘግና ጀመረች። ቶና ላይ ባለቤቴም እጁን ሰደደ። በረካ ሳንደርስ ግን ትንሹ ልጄ ዛላ ጨምቆ ዓይኑን አሸው፤ ቡናውም በርበሬውም ቀረና ፊቱን በውሃ ስናጥብ፣ እሱ ሲጮህ አመሸን። እና በማግስቱ ጀበናው ሲጣድ ልጁን ከአባቱ ጋር ደጅ አስወጣሁት።

ለሁለት ወር ራሴን «ሰነፍ» ስል መክረሜም የረዳኝ ነገር የለም። ማይክል ዎልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 119 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማቆየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ያቆዩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባየሁት ቁጥር የምሰደብበትን ማዳበሪያ ማየት አልፈልግማ።

አሁን ከግማሽ በታች ወርዷል። ልጆቹ ሌላ መደበቂያ እየፈለጉ ነው።