ማርቲን ሉተር ኪንግ ስለተማረበት ኮሌጅና ስለ መምህራኑ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ማርቲን ሉተር ኪንግን የማያውቅ የለም። ያነጹትን ሰዎች የሚያውቃቸው ግን ጥቂት ነው። ኪንግ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው አትላንታ ከሚገኘው ሞርሃውስ ከተባለ ትንሽ የጥቁር ወንዶች ኮሌጅ ነው። ስለ ኮሌጁ ብዙ የተዛባ ነገር ይወራል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ኪንግ ገና ሲገባ ቁንጮ ተማሪ ነበር፤ የተማረውም ሥነ መለኮት ነው።» ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1944 ሲገባ ዕድሜው 15 ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጣቱን ስለወሰደው ኮሌጁ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱትንም ፈትኖ ይቀበል ነበር። ኪንግ ራሱ እንደተናገረው ያኔ የማንበብ ችሎታው ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያህል ነበር። በ1948 የተመረቀውም በሶሲዮሎጂ ነው።

«ቤንጃሚን ሜይስ ክፍል ገብተው አስተምረውታል።» አላስተማሩትም። ሜይስ ከ1940 እስከ 1967 የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ክፍያ ላይ ጥብቅ ስለነበሩ ተማሪዎች «በክ ቤኒ» («በክ» በአሜሪካኖች የመንገድ ቋንቋ ዶላር ማለት ነው) የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል። ማክሰኞ ጠዋት ተማሪው ጸሎት ቤት ይሰበሰብና እሳቸው ይናገራሉ። ንግግሩ ሲያልቅ ኪንግ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠይቃቸዋል፤ ያልተዋጠለት ነገር ካለም ይሟገታቸዋል። በክፍል ያስተማሩት ሌሎች ናቸው፤ ሃይማኖትን ጆርጅ ኬልሲ፣ ሶሲዮሎጂን ዋልተር ቺቨርስ። ኪንግ የቅስና ሥራን የመረጠው ሜይስንና ኬልሲን አይቶ ነው። ሰው አማኝም የተማረም ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት እነሱ ናቸው።

«ኮሌጁ ከመጀመሪያው በጥቁሮች ሲመራ የኖረ ነው።» ሞርሃውስ በ1867 ኦገስታ በምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንቶች ነጮች ነበሩ። የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ጆን ሆፕ የተሾሙት በ1906 ነው።

«ትንሽ ኮሌጅ ቢበዛ ሰባኪና አስተማሪ ቢያወጣ ነው፤ ሳይንስ የት አባቱ!» ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ሄንሪ ማክቤይ የሚባሉ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ከ1945 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ እዚያ አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው ከ40 በላይ ጥቁር አሜሪካውያን በኬሚስትሪ ዶክትሬት ይዘዋል። በዚያ ዘመን ስንት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተማሪ በራቸው እንዳይደርስ ይከለክሉ ነበር።

«ኪንግ ስለ ጋንዲ ያወቀው ከአትላንታ ከወጣ በኋላ ነው፤ ኮሌጁ ድርሻ የለውም።» እውነት ነው፣ ልቡን የነካው ስብከት የተሰበከው በ1950 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ሰባኪው ግን ማን ነበሩ? መርደካይ ጆንሰን፣ የሞርሃውስ ምሩቅ። ዋሽንግተን ያለን ሀበሾች ደጋግመን የምናልፍበትን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ከ1926 እስከ 1960 የመሩት እሳቸው ናቸው። ሃዋርድ ተርማን፣ እሱም የሞርሃውስ ምሩቅና መምህር፣ በ1936 ሕንድ ሄዶ ጋንዲን አነጋግሯል። ሜይስም ብዙ ሳይቆዩ ጋንዲን አግኝተዋቸዋል።

«ሜይስ የንግግር ሰው እንጂ የትግል ሰው አልነበሩም።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በየካቲት 1956 ኪንግ የሚመራው የሞንጎመሪ የአውቶቡስ አድማ፣ ማለትም ጥቁሮች በአውቶቡስ የዘር መድልዎን ተቃውመው አንሳፈርም ያሉበት አድማ፣ መሪዎች ተከሰሱ። ቀድሞ የኪንግ ቤት በቦምብ ተመትቷል። ኪንግ ወደ ሞንጎመሪ ሊመለስ ሲል አባቱ ፈሩ። የአትላንታን ታላላቅ ሰዎች ቤታቸው ሰበሰቡና «ልጄን ምከሩልኝ» አሉ። ብዙዎቹ እንዲቀር መከሩት። ኪንግ ግን ጓደኞቼ እየታሰሩ እኔ እዚህ ልደበቅ አልችልም፣ መመለስ አለብኝ አለ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ አባትየው አለቀሱ። ኪንግ ቀና ብሎ ሜይስን አያቸው። ሜይስም ልጁ ልክ ነው ብለው በጽኑ ተከራከሩለት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ አባቱም ራሳቸው አብረውት ወደ ሞንጎመሪ ሄዱ።

ሜይስ ፍርሃትን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ወላጆቻቸው በባርነት የተወለዱ ነበሩ። በልጅነታቸው የታጠቁ ነጮች አባታቸውን ባርኔጣ አስወልቀው ደጋግመው እጅ ሲያስነሷቸው በዓይናቸው አይተዋል።

«በ1967 ጡረታ ወጡና አረፉ።» የታለ ዕረፍቱ? በቀጣዩ ሚያዝያ ኪንግ ተገደለ። በኮሌጁ ግቢ በተደረገው ሥነ ሥርዓት የስንብቱን ንግግር ያደረጉት ሜይስ ናቸው፤ የሟች ልጅን የመሸኘት ያህል እንደሆነባቸውም ተናግረዋል። ከዚያ የአትላንታ የትምህርት ቦርድን በሊቀመንበርነት መሩ፤ ይህን ቦታ የያዙ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው። የከተማው ትምህርት ቤቶች ከዘር ክፍፍል እንዲወጡ የተደከመው በሳቸው ጊዜ ነው። ቦታውን የለቀቁት በ1981፣ ዕድሜያቸው ከ85 አልፎ ነው።