የትምህርት ቫውቸር ምንድን ነው? ወላጅ ሳይከፍል የሚያተርፍ የግል ትምህርት ቤት

አገር ቤት የግል ትምህርት ቤት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ክፍያው ነው። መመዝገቢያው፣ ወርሃዊው፣ በየዓመቱ የማይቀረው ጭማሪ። ስዊድን ውስጥ ግን ወላጅ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም፣ ትምህርት ቤቱም ያተርፋል፤ እንዲያውም ባለቤቱ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። እንዴት ቢሉ፣ በቫውቸር።

መንግስት ለአንድ ልጅ ትምህርት የሚመድበው ገንዘብ ልጁ በገባበት ይገባል። የመንግስት ትምህርት ቤት ከመረጠ ለመንግስቱ፣ የግል ከመረጠ ለግሉ። ሀሳቡን እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረበው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን ነው። ቺሊ በ1981 ጀመረችው፣ ስዊድን በ1992። ስዊድኖች የግሎቹን ትምህርት ቤቶች ፍሪስኩላ ይሏቸዋል።

ታዲያ ዋጋ መጨመር ካልተቻለ ትርፉ ከየት ይመጣል? ከወጪ ነዋ። የትምህርት ቤት ትልቁ ወጪ የመምህራን ደሞዝ ነው፤ በፍሪስኩላዎች የማስተማር ፈቃድ ያላቸው መምህራን ድርሻ ከመንግስቶቹ ማነሱ ለእኔ አጋጣሚ አይመስለኝም። ሌላው መንገድ ብዙ ድጋፍ የማይፈልግ ልጅ ማግኘት ነው። ሕጉ ዝም ብሎ ልጅ መምረጥ አይፈቅድም፣ ግን ወረፋ አለ። ብዙዎቹ ቀድሞ የተመዘገበን ስለሚያስቀድሙ ነገሩ የገባው ወላጅ ልጁ ገና እንደተወለደ ወረፋ ያሲይዝለታል፣ ስለዚህ በጃንዋሪ የተወለደችው በዲሴምበር ከተወለደው እኩያዋ አስራ አንድ ወር ትቀድማለች። ልጁን በ8 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ያመጣው አበሻስ? መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ማንም በር አልዘጋበትም፣ ወረፋው ብቻ አይደርሰውም።

ነጥቡም አለ። እዚያ የመጨረሻውን ውጤት የሚሰጠው የራሱ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፣ ወላጅ ደግሞ ጥሩ ነጥብ ወዳለበት ይሄዳል። ነጥብ መለገስ ሲያዋጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ኪሳራ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንማርክ ኢንቨስተሮች የተያዘው የፍሪስኩላ ኩባንያ ጄቢ ኤዱኬሽን ሲወድቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ተጉላሉ። ሱቅ ቢዘጋ ቀጣዩ ሱቅ ይኬዳል፤ ሁለተኛ ደረጃን ያጋመሰ ልጅ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሁሉም ፍሪስኩላ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጎበዞች አሉ። ስደተኞች የሚበዙባት የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈር የሪንከቢ ልጅ መሃል ከተማ ሄዶ መማር መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ምርጫና ትርፍ የግድ አብረው መሄድ አለባቸው የሚለው አይዋጥልኝም። ቺሊ ከዓመታት የተማሪዎች ተቃውሞ በኋላ በ2015 ባወጣችው ሕግ የመንግስት ድጎማ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ትርፍ እንዳያወጡ ከልክላለች። ቫውቸሩን ግን አላነሳችውም።