ለትራውት የቱ ዝንብ? በእንግሊዝ ሐይቆች የዝንብና የዘዴ አመራረጥ

እንግሊዝ ውስጥ ትራውት በሚባለው ዓሣ ስማቸው የገነነ ሐይቆች ብዙዎቹ ሐይቅ ሆነው የተፈጠሩ አይደሉም። ለመጠጥ ውሃ ተብለው የተገደቡ ናቸው። ዓሣውም አብዛኛው እዚያ አልተፈለፈለም። እርባታ ጣቢያ አድጎ፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። ሱመርሴት የሚገኘው ብላግደን እ.ኤ.አ. በ1904 ለአጥማጆች ተከፈተ። ቹ ቫሊ በ1950ዎቹ፣ ግራፋም በ1966፣ ራትላንድ በ1977 ተከተሉት። ራትላንድ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ ማዶውን ላየ ሰው ባሕር ይመስላል። ከነዚህ ሌላ በየገጠሩ የተቆፈሩ ትንንሽ ኩሬዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ቲኬት የሚቆረጠው በዓሣ ቁጥር ነው። የተፈቀደልህን ከያዝክ ወይ ሌላ ቲኬት ትገዛለህ፣ ወይ ወደ ቤትህ።

የሚለቀቀው በብዛት ሬንቦ ትራውት ነው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ፣ የፓስፊክ ዳርቻ ሲሆን እንግሊዝ የገባው በ1880ዎቹ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲያዝም ከውሃ ላይ እየዘለለ ይታገላል። ግን በእንግሊዝ ሐይቆች አይራባም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በየጊዜው መተካት አለበት። የአገሬው ተወላጅ ብራውን ትራውት ነው። እሱ ጠርጣራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከታች አይጠፋም።

ዝንብ የሚባለው እውነተኛ ዝንብ አይደለም። መንጠቆ ላይ በክር የታሰረ ላባና ጸጉር ነው። ክብደት ስለሌለው ብቻውን አይወረወርም። ዝንቡን ተሸክሞ የሚሄደው ወፍራሙ ክር ነው።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ዝንብ ልሰር?» ብሎ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥያቄው ተገልብጧል። መጀመሪያ ዓሣው ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ ቀጥሎ ከመኪናው ከወረደ ስንት ቀን እንደሆነው መታወቅ አለበት። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሳጥን ሙሉ ዝንብ ይዞ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓሣው በሌለበት ጥልቀት ሲጎትት የዋለ ነው።

አዲስ የተለቀቀ ዓሣ የሚያውቀው ምግብ አንድ ነው፤ ከላይ የሚበተን እንክብል መኖ። ትንኝ ምን እንደሆነ ገና አልተማረም። ለጥቂት ቀናት ከተለቀቀበት ሳይርቅ በመንጋ ይዞራል፤ የሚያብረቀርቅና የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ያባርራል። ለዚህ ጊዜ የሚሆነው ማባበያ የሚባለው የዝንብ ዓይነት ነው። ብሎብ የሚሉት አለ። ምንም ነፍሳት አይመስልም፤ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ የሆነ ድቡልቡል ነገር ነው። ካትስ ዊስከር ደግሞ የነጭ ላባ ጅራትና ክንፍ፣ ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ገላ አለው። ስሙ የድመት ጢም ማለት ነው፤ ፈጣሪው ዴቪድ ትሬን ክንፉን ለመደገፍ የድመቱን ጢም ይጠቀም ነበር። ውሃ ውስጥ እንደ ጭስ የሚተራመሰው ላባ ማራቡ ይባላል። ማራቡ ማለት ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ ፍርፋሪ ሲጠብቅ የሚውለው የኛው አባ ኮዳ ነው። ዛሬ ላባው የሚወሰደው ከተርኪ ዶሮ ነው፤ ስሙ ግን ቀርቷል።

ሳምንታት ሲያልፉ ዓሣው ይነቃል። እንክብሉ እንደማይመጣ ገብቶት ሐይቁ የሚያቀርብለትን መብላት ይጀምራል። ትንኝ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። የምትናከሰዋ ሳትሆን ሐይቅ ዳር እንደ ደመና የምትከማቸዋ። እጯ ጭቃ ውስጥ ትኖራለች፤ በሄሞግሎቢን የተነሳ ብዙ ጊዜ ደም መስላ ትቀላለች። ክንፍ የምታወጣበት ቀን ሲደርስ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ትራውት እየጠበቀ የሚለቅማት በዚህ ጉዞ ላይ ነው፤ ከሚያዝያና ከግንቦት ጀምሮ ሆዱ በእሷ ይሞላል። እሷን አስመስለው የሚሠሩት ዝንብ «በዘር» ይባላል፤ ከክንፏ ድምፅ የመጣ ስም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጎበጥ ያለ መንጠቆ፣ በጥቁር ክር የተጠመጠመ ቀጭን ገላ፣ ጉንጯ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ፣ ከላይ ቫርኒሽ። በአንድ ስስ ክር ላይ ሦስቱ ይታሰሩና ንፋሱን አቋርጠው ይወረወራሉ። ከዚያ አይጎተቱም። ንፋሱ ክሩን ቀስ ብሎ ያንሸራትተዋል። ከባዱ ሥራ እጅን መግታት ነው።

እንደ በዘር ሁሉ የማይጠፋው ዲያውል ባኽ ነው። በዌልስ ቋንቋ «ትንሹ ሰይጣን» ማለት ነው። የጣዎስ ላባ የተጠመጠመበት ገላና ጥቂት ቡናማ የዶሮ ላባ፣ ሌላ የለውም። አንዱን ነገር ብቻ አይመስልም፤ ግን ዓሣ የሚበላውን ብዙ ነገር በትንሽ በትንሹ ይመስላል።

ዓሣው ምን እንደበላ መገመት አያስፈልግም፤ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ብላግደን አካባቢ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ሃዋርድ ቤል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ልማድ አድርገውት ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ትልልቅ የሳልሞን ዝንብ ይወረውር ነበር። እሳቸው ግን የያዙትን ዓሣ ሆድ እየመረመሩ ያገኙትን የሚመስል ትንሽ ዝንብ ያስሩ ነበር። ዛሬ ለዚህ ረጅም ጠባብ ማንኪያ አለ። የሞተው ዓሣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ዞር ተደርጎ ይወጣል። ይዘቱ ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ሲራገፍ ሁሉም ይለያል፦ ጥቋቁር ትንኞች፣ ቀንድ አውጣ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ ገንፎ የመሰለ ነገር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እዚህ ግን ጎርጓሪው መልሱን ያወጣል።

ያ ገንፎ ዳፍኒያ ነው፤ በዓይን ለማየት የሚቸግር የውሃ ቁንጫ። በበጋ ሬንቦ መንጋውን እየተከተለ ይውጠዋል። ዳፍኒያ ጠንካራ ብርሃን ይሸሻል። ፀሐይ ሲያይል ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲደምን ይወጣል፤ ዓሣውም አብሮ። ጠዋት አንድ ሜትር ላይ የነበረ ዓሣ እኩለ ቀን ላይ አምስት ሜትር ሊወርድ ይችላል። ዝንቡን ሳይሆን ክሩን መቀየር ያለበት ያኔ ነው።

ክሩ ተንሳፋፊ ወይም የሚሰምጥ ነው። ሰባት ቁጥር የሚባለው የሚሰምጥ ክር በሰከንድ 7 ኢንች፣ ማለትም ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ወርውረህ 20 ብትቆጥር ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ደርሷል። አምስት ቆጥረህ ጎትት፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት። ዓሣው በነካበት ቁጥር ላይ እዚያው ቆይ። ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ካለ የተለያየ ክር ይዘው ቢጀምሩ ፍለጋው በግማሽ ያልቃል። በቀዝቃዛ ወራት ደግሞ ቡቢ የሚባለው አለ፤ ዓይኖቹ ከፎም ስለሆኑ ይንሳፈፋል። የሚሰምጠው ክር መሬት ሲይዝ ዝንቡ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል። ዓሣው ግን አጥልቆ ይውጠዋል፤ ይዞ መልቀቅ በሚፈቀድባቸው አንዳንድ ቦታዎች የሚከለከለው ለዚህ ነው።

በነሐሴ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ኦክስጅን ያንሳል፤ ትራውትም መብላት ይጠላል። ያን ጊዜ ማለዳና ምሽት ካልሆነ ብዙ አይደከምም። መስከረም ሲመጣ ንፋስ ረጅም እግር ያላቸውን ትንኝ መሰል ነፍሳት ከሣሩ አንስቶ ሐይቁ ላይ ይጥላል። ትልቅ ተንሳፋፊ ዝንብ ያለ ምንም መጎተት የሚዋጥበት ጊዜ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ወቅት አላውቅም።

የሚበላው ዓሣ በአጭር ዱላ ጭንቅላቱ ተመትቶ ወዲያው ይገደላል። ዱላውን እንግሊዞች «ቄስ» ይሉታል፤ የመጨረሻውን ጸሎት የሚያደርስ እሱ ነውና። ትንሹን ሰይጣን ነክሶ በቄስ እጅ መሞት እንግዲህ የትራውት ዕጣ ነው።

ትራውት ኢትዮጵያም አለ። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ ዌብን ጨምሮ፣ ተለቋል። የዌብ ውሃ ወራጅ ስለሆነ የሰከንድ ቆጠራው ብዙም አይሠራም፤ ዝንቡ ከድንጋይ ጀርባ ረጋ በሚለው ውሃ በኩል እንዲያልፍ ይለቀቃል። ዓሣውም እዚያው ተራብቶ ቀርቷል፤ መኪና አይጠብቅም።