ፊሊፒክ የሚባለው ምን ዓይነት ንግግር ነው?

ፊሊፒክ አንድን ሰው ለይቶ፣ ረዘም አድርጎና አምርሮ የሚያወግዝ የአደባባይ ንግግር ነው። ስያሜው የተገኘው ከመቄዶንያው ንጉሥ ከዳግማዊ ፊሊጶስ ነው። የአቴናው ፖለቲከኛና ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ351 ዓመት ግድም ጀምሮ ሕዝቡ ንጉሡን እንዲቋቋም አጥብቆ ተናገረ፤ ንግግሮቹም በተወገዘው ሰው ስም ተጠሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 እና በ43 ደግሞ ሮማዊው ፖለቲከኛና ተናጋሪ ሲሴሮ በጦር መሪው በማርቆስ አንቶኒዮስ ላይ ያዘጋጃቸው 14 ንግግሮች ይህንኑ ስም ወረሱ። ሲሴሮ በእነዚህ ንግግሮች የተነሳ ሕይወቱን አጥቷል።

ብዙዎች ማንኛውንም የስድብ ውርጅብኝ ፊሊፒክ ይሉታል፤ ይህ ግን ቃሉን ያረክሰዋል። ዴሞስቴንስ ንጉሡን ብቻ ሳይሆን የገዛ ወገኖቹን ስንፍናም ይወቅስ ነበር፤ ጦሩ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ ሳይቀር ዘርዝሯል። ስለዚህ ቁጣው ማስረጃና ዓላማ ሊኖረው ይገባል። በድምፅ መነገሩ ግን ግዴታ አይደለም፦ የሲሴሮ ሁለተኛው ፊሊፒክ፣ ከሁሉም ስመ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፍ ተሰራጨ እንጂ በምክር ቤት አልተነገረም። በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ቁጣን ግን ዘለፋ ማለት ይበቃል።