«የበላበትን ወጪት ሰባሪ»፦ ለመሆኑ ወጪቱ የማን ነበር?

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ከድንኳኑ ጥግ በቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ የነበሩ አንድ አዛውንት ስለ ሰሜን ጦር ግንባር ያወጋሉ። «ደርግን አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ ምሽጌን ግን አንድ ቀን ጥዬ አልወጣሁም» አሉ። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት እኚህ ናቸው» አለኝ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በመጀመሪያ ወጪት ይታወቅ፤ ወጥ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ ነው። ሴት አያቴ ቤት ሦስት ነበሩ፤ የፆም፣ የፍስክና የእንግዳ። የፍስኩ ወጪት ዐቢይ ፆም ሲገባ ታጥቦ መደቡ ላይ ይደፋና እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። ሸክላ ሠሪዋ ከወንዝ ማዶ ነበረች። ጭቃውን ስታቦካ የተወቀጠ ገል ትጨምርበታለች፤ የተሰበረው አሮጌ ሸክላ አዲሱን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል። በእጇ እያዞረች ታበጀዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፣ ከዚያ በኩበትና በጭራሮ ትተኩሰዋለች። አያቴ ገበያ ላይ ከመግዛቷ በፊት በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች። ጠርቶ ከጮኸ ትከፍላለች፤ ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለበትና ትመልሰዋለች። ቤት ከገባም በኋላ ሳይሟሽ ወጥ አይነካውም።

አንድ ማታ የእንግዳውን ወጪት እኔ ሰበርኩት። ከእጄ አምልጦ ምድጃው ድንጋይ ላይ ወደቀ። አያቴ ስብርባሪውን ለቀመች፤ ትልቁን ገል ለእሳት መጫሪያ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ፍም የማመጣው በእሱ ነበር። ተቆጥታኛለች፤ ወጪት ሰባሪ ብላ ግን አልሰደበችኝም። ወንድ አያቴም በበኩላቸው ማታ ማታ ገና አንድ ጉርሻ ሳይውጡ «ጨው አነሰው» ይላሉ። በየቀኑ! ይበላሉ፣ ያማርራሉ፣ ደግሞ ይበላሉ። ቤቱ ሲያፈስ ጣራው ላይ የሚወጡት፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ በር የሚከፍቱት ግን እሳቸው ነበሩ። እሳቸውንም ወጪት ሰባሪ ያላቸው የለም።

አነጋገሩ ከየት መጣ ለሚለው የራሴ እምነት አለኝ፤ ለብዙ ሰው ነግሬ ጥቂቱ ብቻ ነው የተስማማልኝ። እኔ እንደምለው ቃሉ የወጣው ከባላገር ማጀት ነው፤ የተነገረውም በወታደር ላይ ነው። ቋሚ ደመወዝ ባልነበረበት ዘመን ጦር ሲንቀሳቀስ የሚሰፍረው ባላገሩ ቤት ነበር። ወታደሩ በገበሬው መደብ ይተኛል፣ የሚስቲቱን ወጥ ይበላል፣ ዶሮውንና በጉን ያሳርዳል፣ ሲሄድም ያሻውን ይዞ ያሻውን ሰባብሮ ይሄዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደሮቻቸው ደመወዝ ቆርጠው ይህን ዘረፋ ለማስቆም ሞክረዋል። ዐፄ ምኒልክም በ1880ዎቹ ከምርት ከአሥር አንዱን የሚያስከፍለውን አሥራት ሲደነግጉ አንዱ ምክንያታቸው ወታደሩ ከባላገሩ ጓዳ ወጥቶ ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀለብ ነበር። እስቲ ያቺን ባዶ ማጀት የቀረችላትን ሴት አስቧት። ሰውየው ኮረብታውን ሲወጣ ጀርባው ይታያታል፤ ገሉ እግሯ ሥር ወድቋል። ምን ትላለች? «የበላበትን ወጪት ሰባሪ!» ከማለት ሌላ ምን አላት? ወታደር የሚለው ቃል ራሱ ወጥቶ አደር ከሚለው መጣ ይባላል፤ ወጥቶ የሚያድር ደግሞ የሚበላው ከሰው ቤት ነው።

እንዲህ ከሆነ ወጪቱ የንጉሥም የሊቀመንበርም ሆኖ አያውቅም፤ የዚያች ሴት ነው።

ወደ 1980 ዓ.ም. ልመለስ፤ ሃምሳ አለቃው ምሽግ ውስጥ የነበሩበት ዘመን ነውና። በዚያ ዓመት ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የመንግሥት ጦር፣ የናደው ዕዝ፣ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት ተረሸኑ፤ የመሰላቸውን ለአለቆቻቸው በግልጽ የሚናገሩ ሰው ነበሩ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት ላይ፣ ያ ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ቀን ደግሞ ትግራይ ውስጥ የሐውዜን ገበያ በመንግሥት አውሮፕላኖች ተደበደበ። እህልና ጨው ሊገበያይ የወጣ ባላገር ከሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ። እንግዲህ በ1980 ወጪት የሰበረው ማን ነው? አለቃውን «ልክ አይደለም» ያለው ወይስ ለአውሮፕላኑ ነዳጅ ግብር የከፈለው ገበሬ ላይ ቦምብ የጣለው? አያቴ ብትጠየቅ ለመመለስ ጉርሻ እስክትውጥ እንኳ አትቆይም ነበር።

የአጎቴን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። የመገናኛ ወታደር ነበር። ታናሽ ወንድሙን ቀይ ሽብር በልቶታል፤ ይህን ሐዘን ይዞ ዘጠኝ ዓመት ሰሜን ኖረ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እግሩ አብጦ ቤት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ስሙ «የደርግ ወታደር» ሆነ፤ ሥራ በጠየቀ ቁጥር በዚህ ስም ይመልሱታል። ግንቦት 1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ግን የበተኑትን ሠራዊት እግረኛውንም አብራሪውንም መልሰው ፈለጉት። አጎቴ ሄደ።

አያቴ በሶ እየፈጨች፣ «ለእነዚህ ነው የምትሄደው? ትናንት በር ለዘጉብህ?» አለችው።

«ለእነሱ ማን አለሽ፣ እማዬ» አላት።

ሌላ አልተናገሩም። ዳቦ ቆሎውን በከረጢት ቋጠረችለት፣ በሶውን በሌላ፤ በርበሬና ጨው በጨርቅ ጠቅልላ ጨመረችበት። ከመውጣቱ በፊት ከፍስኩ ወጪት ወጥ አውጥታ አበላችው። ጨው አንሶት እንደሁ አላውቅም። በ1993 ሲመለስ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ስለ ገዥዎቹ የነበረው ሐሳብ ሲሄድም ሲመለስም ያው ነው፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጣም አይደብቀውም ነበር።

ዛሬ ዛሬ ይህ አነጋገር የአለቆች መሣሪያ ሆኗል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ደመወዜ ዘገየ ያለ መምህር ወጪት ሰባሪ። ጓንት የለም ያለች ነርስ ወጪት ሰባሪ። ግዳጁን ተወጥቶ ሲያበቃ «ይህ ጦርነት ግን ለምን?» ብሎ የጠየቀ ወታደርማ የባሰ ወጪት ሰባሪ። በድሃ ቤት የተወለደውን ቃል አንሥተን ድሃውን አፍ ማስያዣ አደረግነው። ተናጋሪዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ወጪት በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው፣ ገሉ ለምን እንደሚቀመጥ አያውቁም። እንግዲያው ቢያንስ ቃሉን ሲያነሡ «ወጪቱ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

አንተም ለቅሶ ቤት በጆሮዬ ያንሾካሾክህልኝ ወንድሜ፣ ሃምሳ አለቃን በሚመጣው ሰንበቴ ታገኛቸዋለህ። አጠገባቸው ተቀመጥና ወደ ግንባር ሲሄዱ ስንቃቸውን ማን እንደቋጠረላቸው ጠይቃቸው።