የፊንላንድ አስፈሪ ፊልሞች፦ የሚባለውና እውነታው

የፊንላንድ ሆረር ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እነሱ ደግሞ ሆረር ይሠራሉ እንዴ?» ብሎ ነው። ይሠራሉ። ግን ፊልሞቹን ያየውም ያላየውም ስለነሱ የሚያወራው ነገር ብዙ ጊዜ የተንሻፈፈ ነው። ዋናው ምክንያት በሆሊውድ መለኪያ መለካታቸው ይመስለኛል፤ «ስንቴ ደነገጥኩ?» በሚለው። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሆረር መሥራት የጀመሩት በቅርቡ ነው»

በ1927 ቴውቮ ፑሮ «የጠንቋዩ እርግማን» የሚል ድምፅ አልባ ፊልም ሠርቷል። በ1952 ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት ፊልም ወጣ። አንዱ በሮላንድ አፍ ሄልስትሮም የተሠራው «ጠንቋይዋ ወደ ሕይወት ተመለሰች» ነው። ረግረግ ውስጥ ተቸንክራ የተቀበረች ሴት ታሪክ ነው። ችካሉ ሲነቀል የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። «ነጯ አጋዘን» ይባላል። ዳይሬክተሩ ኤሪክ ብሎምበርግ ነው። ታሪኩን አብራው የጻፈችውም፣ መሪ ተዋናይቷም ሚስቱ ሚርያሚ ኩኦስማኔን ናት። ፒሪታ የምትባል አዲስ ሙሽራ አለች። ባሏ የሰሜን አጋዘን አርቢ ነው፤ መንጋውን ይዞ ሲወጣ ቶሎ አይመለስም። ብቸኝነቱ ሲያንገበግባት ወደ ጠንቋይ ትሄዳለች፤ ባሏም ሌላውም ወንድ እንዲከጅላት። ጠንቋዩ «ወደ ቤትሽ ስትመለሺ መጀመሪያ ያገኘሽውን ሕያው ፍጥረት ሰዊ» ይላታል። ያገኘችው ባሏ የሰጣትን ነጭ የአጋዘን ግልገል ነው። ሰዋችው። ከዚያ በኋላ እሷ ራሷ ነጭ አጋዘን እየሆነች ወንዶችን ሰው ወደሌለበት በረዷማ ምድር ትስባለች፤ የተከተላት በሕይወት አይመለስም። የመንደሩ ወንዶች የብረት ጦር ማሠራት ይጀምራሉ። ባሏም ጭምር። ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ የሚሆን ሰው ታሪክ እየሰማ ላደገ የኛ ሰው ይሄ ብዙም ባዕድ አይሆንበትም።

«የድሮ ፊልም ማን አየው?» የሚል ካለ፣ በ1953 የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚና ፊልም ሠሪ ዣን ኮክቶ የመራው ዳኝነት በተረት ፊልም ዘርፍ ሸልሞታል። የአሜሪካውን የጎልደን ግሎብ ሽልማትም አግኝቷል።

እግረ መንገዴን፣ ይሄን ፊልም አይቶ «የሳሚ ሕዝብ ባህል እንዲህ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሳሚዎች የፊልሙ ታሪክ በሚካሄድበት በሰሜኑ ጫፍ፣ በላፕላንድ፣ የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ፊልሙ ግን የፊንላንዳውያን ሥራ ነው፤ መሪ ተዋናዮቹም ፊንላንዳውያን ናቸው። ሰሜኑን የጠንቋይ አገር አድርጎ መሳል ከውጭ የሚያዩት ሰዎች የቆየ ልማድ ነው። ፊልሙን እየወደድኩትም ይሄ ነገር ይቆረቁረኛል።

«ፊንላንዳውያን ረጋ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አስፈሪ ነገር አይመቻቸውም»

በ2006 የአውሮፓ አገሮች የሚፎካከሩበትን የዩሮቪዥን ዘፈን ውድድር ፊንላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው በማን ነው? በሎርዲ። የጭራቅ ጭምብልና ቀንድ አድርጎ የሚዘፍን የሮክ ባንድ ነው። አገሩ በደስታ ሰከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባንዱ አባላት ራሳቸው ጭራቅ ሆነው የሚታዩበት «ዳርክ ፍሎርስ» የሚባል ፊልም ተሠራ፤ ያውም በእንግሊዝኛ።

ታዲያ ለምን ፊልሞቹ ጥቂት ሆኑ? መልሱ ጠባይ ሳይሆን ሕግና ገንዘብ ነው። በ1987 የወጣ የቪዲዮ ሕግ ነበር። ለአዋቂ ብቻ የሚፈቀድ ፊልም በቪዲዮ ካሴት እንዳይሸጥና እንዳይከራይ ይከለክል ነበር። ሲኒማ ቤት ያየኸውን ፊልም ካሴቱን ስትከራይ ዋናው ትዕይንት ተቆርጦ ታገኘዋለህ፤ ጭራሹን ያልወጣም ነበር። አፍቃሪዎቹ ያልተቆረጠ ቅጂ ከውጭ ያስመጡ ነበር። ይሄ ነገር የቀረው በ2001 መጀመሪያ፣ የአዋቂ ፊልሞች ቅድመ ምርመራ ሲነሳ ነው። አስቡት፤ ሌላው ዓለም ወጣት ዳይሬክተሮቹን በቪዲዮ ኪራይ ቤት ሲያሳድግ፣ እዚያ ያ በር ግማሹ ተዘግቶ ነበር። በዚሁ ሰዓት ሬኒ ሃርሊን የሚባል የፊንላንድ ልጅ አሜሪካ ሄዶ በ1988 «ኤልም ስትሪት» የሚባለውን ተከታታይ የአሜሪካ ሆረር አራተኛ ክፍል ይሠራ ነበር።

ገንዘቡም አለ። አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ ቋንቋዋን ከሷ ውጪ የሚናገር ጥቂት ነው። ያለ ድጎማ ፊልም መሥራት ከባድ ነው።

«ፊልሞቹን አስፈሪ የሚያደርጋቸው ክረምቱና ጨለማው ነው»

ይሄን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ፖስተሩን ብቻ ያዩ ናቸው። «ነጯ አጋዘን» ውስጥ ብዙው ነገር የሚሆነው ፀሐይ በበረዶ ላይ በሚያንጸባርቅበት ሰዓት ነው። የሃና በርግሆልም የ2022 ፊልም «ሃቺንግ» ደግሞ ጨለማ አያስፈልገውም። አበባ የተሣለበት የግድግዳ ወረቀት፣ ለስላሳ ቀለም፣ ቆንጆ ቤት። እናትየው የቤተሰቧን ፍጹም ኑሮ በቪዲዮ እየቀረጸች ኢንተርኔት ላይ ትለቃለች። የ12 ዓመቷ ልጅ ቲንያ በጂምናስቲክ እናቷን ለማስደሰት ትለፋለች። አንድ ቀን ወፍ ቤት ገብታ ዕቃ ትሰብራለች፤ እናትየው ፈገግ እንዳለች የወፏን አንገት ትቆለምማለች። ልጅቷ እንቁላል አግኝታ በድብቅ ታቅፈዋለች። የሚፈለፈለው ፍጥረት ቀስ በቀስ እሷን እየመሰለ ይሄዳል። ለኔ የዚያ ፊልም አስፈሪው ነገር ፍጥረቱ አይደለም፤ የእናትየው ፈገግታ ነው።

ደግሞ «የፊንላንድ መልክዓ ምድር» ብለን የምናደንቀው ሁሉ ፊንላንድ አይደለም። «ሃቺንግ» የተቀረጸው ላትቪያ ነው። ቀጥዬ ከማነሳቸው ፊልሞችም «ሬር ኤክስፖርትስ» ኖርዌይ። «ሳውና» ቼክ ሪፐብሊክ።

«‹ሳውና› ስለ እንፋሎት ቤት ነው፤ ደግሞም ምንም አይከሰትበትም»

ኤ. ጄ. አኒላ በ2008 የሠራው ይህ ፊልም ተመልካቹን ለሁለት የሚከፍል ነው። ደም የሚረጭበት ፊልም የጠበቀ ሰው ተናዶ ይወጣል። ታሪኩ በ1595 ነው። በስዊድንና በሩሲያ መካከል የነበረው ረጅም ጦርነት አልቆ፣ የሁለቱ ወገን ሰዎች አዲሱን ድንበር ለማስመር ረግረጉን እያቋረጡ ነው። ከስዊድን ወገን ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታላቁ በጦርነቱ የገደላቸውን ሰዎች ይቆጥራል። መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ምድር ቤት ተቆልፎባት ትቀራለች። ከዚያ በካርታ ላይ የሌለ መንደር ይደርሳሉ፤ መንደሩ አጠገብም ውሃ ላይ የቆመ ሳውና አለ።

ይሄን ለመረዳት ሳውና ለፊንላንዳዊ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የመዝናኛ ቦታ ብቻ አልነበረም። ድሮ ሴቶች የሚወልዱት እዚያ ነው፤ ሬሳም የሚታጠበው እዚያ ነው። «ሳውና ውስጥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሁን» የሚል አባባል አላቸው። ስለዚህ በፊልሙ ላይ አንድ ሰው ኃጢአቱን ሊታጠብ ወደዚያ ጨለማ በር ሲጠጋ፣ የፊንላንድ ተመልካች የሚሰማውና እኛ የሚሰማን እኩል አይደለም። ቀርፋፋ ነው? አዎ። ምንም አይከሰትበትም የሚለው ግን ስህተት ነው።

«የቦዶም ፊልም እውነተኛ ታሪክ ነው»

አይደለም። እውነተኛው ታሪክ ይሄ ነው፦ በሰኔ 1960፣ ከሄልሲንኪ ብዙም በማይርቀው የቦዶም ሐይቅ ዳር፣ ድንኳን ተክለው ካደሩ አራት ወጣቶች ሦስቱ ተገደሉ። የተረፈው ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ተከስሶ በ2005 ነፃ ወጣ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ታኔሊ ሙስቶኔን በ2016 የሠራው ፊልም ግን ያንን ሌሊት አይተርክም። የዘመኑ ወጣቶች ግድያውን መልሰው ለማስመሰል እዚያው ቦታ ሲሄዱ የሚገጥማቸውን ነው የሚያሳየው። ከፊልሙ ተነስቶ ስለ እውነተኛው ሰው ፍርድ መስጠት ነውር ይመስለኛል።

«ተመልካቹ ከሳቀ ሆረሩ ከሽፏል»

ፊንላንዶች ሳቅና ፍርሃትን መቀላቀል ይወዳሉ። የኦሊ ሶይኒዮ «የጨረቃ ሶናታ» በ1988 የፋሽን ሞዴል ላፕላንድ ወስዶ እብድ ጎረቤት ሲሰጣት እያሳቀ ነው። በ2010 ያልማሪ ሄላንደር በ«ሬር ኤክስፖርትስ» የገና አባትን ከተራራ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ አደገኛ ፍጡር አደረገው። «ገናን ሰደበ» ያሉ ነበሩ። ግን ነገሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። በፊንላንድ ገጠር ቀይ ካባ ከለበሰው ደግ ሽማግሌ በፊት፣ በጥር 13 የፍየል ጭምብልና ቀንድ አድርገው ከቤት ቤት እየዞሩ የተረፈውን ምግብና መጠጥ የሚጠይቁ፣ ካልተሰጣቸው የሚያውኩ ወንዶች ነበሩ። ልጆች ይፈሯቸው ነበር፤ አዋቂው ደግሞ ይስቅ ነበር። ፊልሙ ሲታይም የሚሆነው ይኸው ነው።